የገብስማ ቅርጫት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዳና የተወጋበትን ቀንና ቦታ፣ የወጋውን ሰው፣ ሰውየው የለበሰውን ኮት ሳይቀር ያስታውሳል። ቀኑ አምና የአቢጋኤል ሽምግልና የነበረበት ቅዳሜ ነው። ቦታው የገዛ ግቢው፣ ማንጎው ሥር። ሰውየው ሲላስ። ኮቱ ግራጫ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት።

አቢጋኤል የእህቱ የዘሪቱ ልጅ ናት። አባቷ በሕይወት ስለሌለ የልጅቷን ወገን ወክሎ ከፊት ወንበር የተቀመጠው አጎቷ ዳና ነበር። በልጁ ወገን ደግሞ አባትየው ሲላስ ራሱ ሽማግሎቹን እየመራ መጣ፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነውና እሱ የሌለበት ንግግር ንግግር አይመስለውም። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ዴስክ ላይ ተምረዋል። ዳና ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቶ ዓሣ በላች ሆነ፣ ሲላስ አለፈ። ያ እንኳ አልቆጨውም ነበር። ዳና ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስንት ቀን ሲያሰላስለው የከረመ ቃል ነበረው። አፉን ሳይከፍት ሲላስ ሳቅ አለና፣

“ዳናዬ፣ ተቀመጥ ወንድሜ። ይሄ እኮ ዓሣ መበለት አይደለም። ከእናንተ ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ጠፋ እንዴ?” አለው።

ሰው ሳቀ። ዳና ተቀመጠ። ያ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ከሲላስ ይልቅ የቆረቆረችው ግን ዘሪቱ ናት። “ወንድሜን በገዛ ቤቱ?” ብላ አንድ ጊዜ እንኳ ብትቆጣ ይበቃው ነበር። እሷ እቴ! ምግብ እያቀረበች ነበር፤ ማቅረቧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ዳና ሲላስ ወዳለበት ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት አልረገጠም። በሠርጉ ቀን እንኳ በገዛ ግቢው ከተተከለው ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ቀማመሰና ወጣ።

አቢጋኤል ከተዳረች በኋላ ሲቀላ ባለው ግቢ ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። ዳና ጠዋት ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ ጀልባዎቹ ያመጡትን ዓሣ ሲበልት ውሎ ከሰዓት ይመለሳል። ሲመለስ በር ላይ የምትቀበለው ገብስማ ናት። ጫጩት ሳለች ጭላት ነጥቋት ከአየር ላይ የጣላት ዶሮ ናት፤ ዳና አንሥቶ፣ እጁ ላይ ጥሬ እያስለቀመ አሳደጋት። ዘሪቱ፣ “የምትከተልህ ወዳህ እንዳይመስልህ፤ ዓሣ ዓሣ ስለምትሸት ነው” ትለዋለች። ቢሆንስ? በግቢው ውስጥ እሱን ዐይታ የምትሮጥ ሌላ ፍጥረት የለችም።

አንድ ቀን ሲመለስ ገብስማ አልሮጠችም። ሙዙ ሥር ተወሽቃ፣ ጅራቷን ጥላ ታምጣለች። አንሥቶ ገልበጥ ቢያደርጋት ከእንቁላል መጣያዋ ቀይ ሥጋ ተገልብጦ ወጥቷል፣ የበሰለ ቲማቲም የሚያህል። ሌሎቹ ዶሮዎች ቀዩን አይተው ሲነቁሯት ኖሮ ደምቷል። በብብቱ ሸጉጧት ወደ ቤተል በረረ። ቤተል የሰፈሩ ልጅ ናት፣ እንስሳት ጤና የምትሠራ።

“አትደንግጥ ጋሽ ዳና” አለችው ዐይታ። “ትልቅ እንቁላል ጥላ ነው። ለብ ባለ ውኃ እጠብላት። ስኳር ነስንስበት፣ እብጠቱን ይመጥላታል። ከዚያ ጣትህን ቅባት ቀብተህ ቀስ አድርገህ ወደ ውስጥ መልሰው። ዋናው ግን ጨለማ ነው። ብርሃን ካየችና በደንብ ከበላች እንቁላል ትጥላለች፤ ከጣለች ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ሥጋው እስኪጠና አንዲት እንቁላል እንዳትጥል።”

ቤት ሲደርስ ዘሪቱን ጠራት።

“የዶሮ ቂጥ ልታሳየኝ ነው የጠራኸኝ?”

“ክንፏን ያዥልኝ። አታጥብቂ።”

ያዘችለት። ዳና አጠበ፣ ስኳሩን ነሰነሰ፣ ጠበቀ። ዘይት ስላልነበረ ከዘሪቱ ቅል ለጋ ቅቤ በጣቱ ጨለፈ።

“ውይ! ቅቤዬን! ምነው፣ ሐላቃ ልትሾማት ነው እንዴ?” ደጋው ላይ፣ በአባቶቻቸው አገር፣ ቅቤ የሚቀባው ሹመት የሚቀበል ሐላቃ ነው፤ ያውም አናቱ ላይ።

“ሐላቃ አናቱን ነው የሚቀባው” አለ ዳና ጣቱን ቀስ እያደረገ።

“የዚች ሹመቷ ከኋላ ነዋ!”

ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ዶሮዋ እጇ ላይ እስክትንቀጠቀጥ። ከሽምግልናው ወዲህ አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ሥጋው ቀስ ብሎ ገባ፣ ገብስማም በረጅሙ ተነፈሰች። ዳና ያን ዕለት እህቱን ይቅር ሊላት ምንም አልቀረውም።

የማንጎ መልቀሚያውን ትልቅ ቅርጫት ማድ ቤቱ ጥግ ደፋባት፣ ላዩን በኬሻ ደረበበት።

“ዘሪቱ፣ እኔ ጫሞ ስወርድ ከእሷ ጋር ያለሽው አንቺ ነሽ። ይቺ ኬሻ እንዳትገለጥ። እንቁላል ከጣለች አለቀላት።”

“ማን ይገልጣታል? ቂጧ የወጣ ዶሮ ማን ይሰርቃል ብለህ ነው!”

ማምሻውን ከቅርጫቱ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። የሲላስን ኮት፣ የሰዉን ሳቅ፣ ሊናገረው የነበረውን ቃል ለገብስማ ይነግራታል። ከጨለማው ውስጥ ቋ፣ ቋ ትልለታለች። ከሰው ይልቅ ዶሮ እንደምታዳምጥ ያወቀው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን አቢጋኤል ሲላስ ቤት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ደም በዝቶ ፈሷት ነበርና ከአልጋ መነሣት አቃታት። ዳና ዳገቱን አልወጣም፤ ነገር ግን ከበለተው ዓሣ ምርጥ ምርጡን እያስቀረ፣ “ሾርባ አድርጊላት፤ ከእሱ ነው እንዳትዪ” እያለ ለዘሪቱ ይሰጣታል። የሲላስ ቤት የሱን ስም እንዲያነሣ አይፈልግም። ዘሪቱም ፌስታሏን አንጠልጥላ በባጃጅ ወደ ሴቻ ትወጣለች።

ገብስማ ግን አልጠና አለች። ደህና ሆናለች ሲል ሥጋው ተመልሶ ይወጣል። ያጥባል፣ ይነሰንሳል፣ ይቀባል፣ ይመልሳል። ደግሞ ይወጣል። አንድ ቀን ማንቁርቷን ቢዳብስ በበቆሎ ጢም ብሏል። ክንፏ ውስጥ ደረቅ አፈር አለ፤ ፀሐይ ላይ የተንከባለለች ዶሮ የምትይዘው ዓይነት አፈር።

“ኬሻውን ገልጠሻል?” አላት።

“እኔ? ምን ቆርጦኝ!” ዘሪቱ ማማሰያውን ወረወረችው። “አላምንሽም በለኛ! ሲላስ አንድ ቀን ሰደበህ፣ ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ ላንተ ሲላስ ነው። እኔ እህትህ ነኝ፣ ዳና!”

ዳና አፈረ። እውነት ነው አለ፤ ቂም ዐይኔን አንሻፎታል አለ። በማግስቱ አንድ ሙሉ ዓሣ ይዞላት መጣና ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ “ትናንት በደልኩሽ፣ ይቅር በዪኝ” አላት። ይቺን ቃል አፉ አልለመዳትም ነበር። ዘሪቱ ዓሣውን ተቀበለችው። ዓሣውን እንጂ ፊቱን አላየችም።

ወደ ቤተል ተመለሰ።

“ትጥላለች እንዴ?” አለችው።

“ኧረ አንድም! ቅርጫቱን በየቀኑ ነው የማየው።”

“እንግዲያ እኔም አልገባኝም ጋሼ።”

ዳና ጥፋቱን ከጣቱ ላይ ፈለገ። ዓሣ ሲበልት የኖረ ሻካራ ጣት ነው፤ እሱ ይሆናል የሚያቆስላት ብሎ በድንጋይ ፈተገው። በቅቤ ፈንታ ማር ሞከረ። ምንም አልረዳም።

እሑድ ማለዳ ኬሻውን ሲገልጥ ገብስማ አልተንቀሳቀሰችም። ድርቅ ብላለች። ከሥሯ ያለው ገለባ በደም ተለውሷል። ዳና ሙዙ ሥር ቆፈረላት። ዘሪቱ ማድ ቤቱ በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ለዶሮ የምታለቅስ ሴት አይደለችም፤ ለእኔ ነው አለ በልቡ። ያች እንባ ናት ያሸነፈችው።

የዚያኑ ዕለት ሲላስ ቤት ሕፃኑን የሚያስባርኩበት ግብዣ ነበር። ዘሪቱ፣ “ዛሬ እንኳ ለአቢጋኤል ስትል” ስትለው እምቢ አላለም። እጁን ታጠበ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ዳገቱን ወጣ።

ሲላስ ቤት ሰው ሞልቷል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሲላስ ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሶ ተነሣ።

“ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። እኔና ዳና የልጅነት ነን። አንድ ቀን ቀለድኩበትና ተቀይሞኛል አሉ። ግን እዩ የሰውየውን ልብ! ልጃችን ደሟ አልቆ በወደቀች ጊዜ፣ ያችን አስኳሏ ቀይ የሆነችውን የሐበሻ እንቁላል ሳይታክት የላከልን እሱ ነው። ከገዛ ዶሮው! ለካስ ለሁሉም ሙያ ተሰጥቶታል፤ እኛ ፊደል ቆጠርን፣ ዳና ዶሮ አረባ! ተባረክ ወንድሜ!”

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። ዳና የምን እንቁላል ብሎ ሊጠይቅ ወደ ዘሪቱ ዞረ። ዘሪቱ ሳህኗን ታያለች።

አቢጋኤል ሕፃኑን ታቅፋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገና አልቀላም። እጁን ያዘችው።

“አጎቴ፣ እማዬ ሁልጊዜ ‘አጎትሽ ነው የላከልሽ’ እያለች ነበር የምታበላኝ። እንዲህ የምታስበኝ አይመስለኝም ነበር።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን ዶሮዋ አሟት ነበር እንዴ? አንዳንዱ ቅርፊቱ ላይ ደም ነበረው። እማዬ አጥባው እንኳ አልለቅ ይል ነበር” አለችው።

ዳና ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ታየው። እሱ ጫሞ ሲወርድ ኬሻው ይገለጣል። ገብስማ ፀሐይ ላይ ትወጣለች፣ በቆሎ ይበተንላታል፣ ታምጣለች፣ ትጥላለች። ከዚያ እሱ ሳይደርስ ወደ ጨለማው። ማምሻውን ደግሞ እሱ ጣቱን ቅቤ ቀብቶ ሲመልስ ክንፏን የምትይዝለት ያችው ናት። ደሙን በጣቷ አጥባዋለች። ደሙን አጥባ ነው ዓሣውንና ይቅርታውን የተቀበለችው።

“እና ዳና” አለ ሲላስ ከወዲያ፣ “አሁንም ትጥላለች? ልጃችን እኮ ገና አልጠናችም።”

ዳና ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ተናገር እንጂ ወንድሜ!” ሲላስ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ መሃል ጋበዘው። “ዛሬ መድረኩ ያንተ ነው።”

ዳና ጎንበስ ብሎ አቢጋኤልን ግንባሯን ሳማት፣ የሕፃኑን ብርድ ልብስ አስተካከለ። ከዚያ በተቀመጠው ሰው ጉልበት መካከል እየተሽሎከሎከ ወጣ።

ዘሪቱ ባዶ እግሯን እየሮጠች የውጭው በር ላይ ደረሰችበት።

“ዳናዬ! ልጄ ልትሞትብኝ ነበር እኮ! የገበያው እንቁላል አልወርድ አላት፣ ምን ላድርግ?” ክንዱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ አልደፈረችም። “ብጠይቅህ እምቢ ነበር የምትለኝ። ለሲላስ ቤት ትሰጥ ነበር? እ? ንገረኛ! ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?”

ዳና ጫማውን ከበሩ ሥር ከተደረደሩት መካከል ለይቶ አጠለቀ። ከታች አባያ ሐይቅ በቀትር ፀሐይ ቀይ ሆኖ ተንጣሏል። አንድ ባጃጅ አጠገቡ ቀስ ብሎ፣ “ሲቀላ ነህ አባት?” አለው።

ቁልቁለቱን በእግሩ ያዘው። ከኋላው ዘሪቱ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመች ስትጣራ ትሰማዋለች፤ አልዞረም።