ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር

የጉንዳኖቹ ንግሥት የሞተችው በየትኛው ቀን ነው? ይህን ጠባቂዋን የጠየቃት ሌላ ሰው የለም፤ ራሷ ናት ራሷን የምትጠይቀው። መልሱን አታውቅም። በገዛ እጇ የጻፈችው ደብተር ንግሥቲቱ እስከ መጨረሻው ማለዳ ድረስ እንቁላል ስትጥል እንደነበር ይናገራል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ችግሩ ከግማሽ የሚበልጠው ውሸት መሆኑ ነው።

ታላቅ ወንድሟ መስታወት ቆራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሲለካና ሲገጥም ይውልና ቤቱ ሲገባ ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል በርጩማ ስቦ ጉንዳኖቹ ፊት ይቀመጣል። ቤታቸውን የሠራላቸው ራሱ ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል ጀሶ አፍስሶ፣ ጀሶው ሳይጠነክር በምስማር ክፍልና መተላለፊያ ቆፈረበት፤ ከላይ ጥቁር ጨርቅ አለበሰው። ጨርቁ እስካለ ድረስ ጉንዳኖቹ ከመሬት በታች ያሉ ይመስላቸዋል። ሲገለጥ ግን ይደነግጣሉ፤ እጮቻቸውን ተሸክመው የሚገቡበት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ሕግ አወጣ። ጨርቁ የሚገለጠው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ እስከ መቶ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሕግ አንድ ቀን አላፈረሰም። አንዲቱን ንግሥት ከነክንፏ ከመስኮት ደፍ ላይ አንስቶ አሁን ለሦስት መቶ ልጆች አድርሷታል። ስሟንም «እሜቴ» ብሏታል።

«ሌላ ሴት ያዘብኝ ብዬ እንዳልከሰው ስድስት እግር አላት፤ ማን ያምነኛል?» ትላለች ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት። ወደዚያች ክፍል እግሯን አታነሳም።

እህቲቱ ሰባት ዓመት ሩቅ አገር ስትማር ኖራ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነው። ያጠናችው የሐይቅ ውኃ ነበር። ሥራ እስክታገኝ በወንድሟ ቤት ተቀመጠች፤ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። አንድ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ አትቆይም፤ ማመልከቻ ትጀምርና ትተወዋለች፤ መመለሴ ልክ ነው ወይስ ስህተት እያለች ስትወጣ ስትገባ ትውላለች።

ወንድሟ በሌላ ከተማ አዲስ ሕንፃ ላይ መስታወት ሊገጥም ለሦስት ሳምንት ሲሄድ ደብተሩንና መርፌ የሌለውን ስሪንጅ ሰጣት።

«ኧረ እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ጋሼ?»

«ከአንቺ ሌላ ለማን ልስጥ? እትዬሽ እንደሆነች በፍሊት ነው የምትጠብቃቸው።»

«እሰማሃለሁ!» አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ።

«ሰባት ዓመት እዩና ጻፉ አይደል ያሏችሁ? በቃ፣ እዪና ጻፊ። ጀሶውን በሁለት ቀን አንዴ አርጥቢው። ማሩን በክብሪት እንጨት ጫፍ በቀዳዳው አስገቢላቸው። ዋናው ውኃው ነው። ጀሶው ከደረቀ አለቀላቸው።»

የመጀመሪያውን ሳምንት እንዳላት አደረገች። ገለጠች፣ እስከ መቶ ቆጠረች፣ አረጠበች፣ ጻፈች። የጻፈችው ደረቅ ነበር፤ «እንቁላሉ እንደ ትናንቱ ነው፤ አንዲት ሠራተኛ ጉንዳን ሞታለች።» በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ፣ የሕንፃው ሠራተኞች ሻይ ሲሉ፣ ወንድሟ ይደውላል።

«እሜቴ እንዴት አደሩ?»

«ደህና አድረዋል።»

«ስንት ወለዱ?» የሚለው ደግሞ ፎርማኑ ነው። ወንድሟ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ስለሚያደርገው ወሬው የሁሉም ነው። «ዶክተሯ፣ በይ ንገሪን፣ እኛ እዚህ ደረቅ ዳቦ እያኘክን ነው፣ ማጣፈጫ ስጪን!» ዶክተር አይደለችም፤ እንዳልሆነች ደጋግማ ነግራዋለች።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ ጓጉታ ስትጠብቀው የነበረ ሥራ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። ተናዳ ወጥታ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ስልኩ ጮኸ። ጨርቁን አልገለጠችም ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ አላየኋቸውም» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

«ደህና አድረዋል» አለች።

«አዲስ ነገርስ?»

«አንዲት አንካሳ አለች» አለች፤ ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። «የኋላ እግሯ አይሠራም። ግን የሞተች ጓደኛዋን ጎትታ ጎትታ ጥግ አደረሰቻት። ሌሎቹ ሊያግዟት ሲመጡ ገፋቻቸው።»

ከወዲያ ሳቅና ጭብጨባ ተሰማ። «ይቺስ የኔ ዘር ናት!» አለ ፎርማኑ። ወንድሟ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ዓመት ሳያቸው አንካሳ አይቼ አላውቅም። እኔ እኮ የማየው እንደ አላዋቂ ነው። ዓይን ማለት እንዳንቺ ነው» አላት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ቀን ደስ አላት። ማታ ደብተሩን ከስልኩ ወሬ ጋር እንዲገጥም አድርጋ ጻፈች።

በማግስቱ ሁሉም የጠየቁት ስለ አንካሳዋ ነው። በማግስቱም። አንካሳዋ ከሌላ ጋር ማር ተሻማች፤ አንካሳዋ እጭ ማሳደግ ጀመረች፤ እንቁላሉ በዛ፤ ክፍሉ ጠበባቸው። ጨርቁን መግለጥ አስፈራት። ከገለጠችው አንካሳ የሚባል ነገር እንደሌለ በዓይኗ ልታይ ነው፤ ሳታይ ግን ወሬው እንደ ልብ ይመጣላታል። ወደ ጓሮ ክፍል የምትገባበት ምክንያት ሲጠፋ ስሪንጁም ተረሳ። «ነገ አረጥባለሁ» ትላለች። ነገም ለሌላ ነገ ይሻገራል።

ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ እሱ ነው የሚያሳፍራት። በተማረችበት አገር አንድ ወር ሙሉ የውኃ መለኪያዋ ተበላሽቶ ሰንጠረዧ ላይ ሠላሳ ባዶ ሣጥን ቀርቶባት ነበር። ሊሆን ይችላል ያለችውን ቁጥር ሞላችበት። መምህሯ «አንድም ቀን ያላጎደለች» ብሎ አመሰገናት። ወንድሟ ሳሎን ሰቅሎት እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው ዲግሪ ከዚያ ሰንጠረዥ የተገኘ ነው።

በሚመጣበት ቀን ጠዋት ጨርቁን ገለጠች።

ጀሶው ነጭ ሆኖ እንደ አመድ ደርቋል። ጉንዳኖቹ ሁሉ ውኃው ይገባበት በነበረው ቀዳዳ ዙሪያ ተከማችተዋል፤ ተደራርበው፣ አፋቸውን ወደ ቀዳዳው አድርገው። ንግሥቲቱ መሐል ላይ እግሮቿን ሰብስባ በጎኗ ወድቃለች። በቀዳዳው እስትንፋሷን ብትለቅባቸው አልተንቀሳቀሱም፤ መስታወቱን ብታንኳኳም አልተንቀሳቀሱም። መቶ ድረስ ቆጠረች። ለምን እንደቆጠረች አታውቅም።

ከዚያ የማይታመን ሥራ ሠራች። ስሪንጁን ሞልታ ጀሶውን አረጠበችው። ቀለሙ እስኪመለስ አረጠበችው። ጨርቁን አለበሰች። ደብተሩን አውጥታ፣ «ሁሉም ሰላም ነው። እንቁላሉ ጨምሯል» ብላ ጻፈች።

ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በሌላ እጁ ይዞ ገባ። ሚስቱን ስሞ ሳይጨርስ ጋዜጣውን ፈታው። አዲስ የመስታወት ቤት ነው፤ ትንሽ፣ ጠርዟ ለስልሶ የተሞረደ፣ ጀሶዋ ተቆፍሮ ያለቀላት።

«ክፍሉ ጠበባቸው አላልሽም? ማታ ማታ ስሠራው ነበር። ፎርማኑ ራሱ ጀሶ አቦካልኝ። በሯን ለአንካሳዋ እንዲመች ዝቅ አድርገናታል!»

«እኔ ኩሽናዬ ጠበበኝ ካልኩ አራት ዓመቴ ነው» አለች ሚስቱ።

«አንቺ እንቁላል ጣይና እናያለን።»

ሚስቱ እየሳቀች በመለኪያ ሜትር ጀርባውን መታችው። እህቲቱም ሳቀች፤ ጉንጯ እስኪያማት።

ጓሮ ክፍል ሲገቡ እጁን ወደ ጨርቁ ዘረጋና መለሰው። «የዛሬውን አይተሻቸዋል አይደል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ነገ። ሕግ ሕግ ነው።» ጨርቁን ሳይገልጥ፣ ከጎን ባለችው ቀዳዳ በኩል አዲሱን ቤት አስጠግቶ ዙሪያውን በሲሊኮን ማጣበቂያ መምረግ ጀመረ። የሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ያዢልኝ፣ እስኪነክስ ድረስ።»

መስታወቱን በሁለት እጇ ያዘች። በሞቱት ላይ ክፍል ሲቀጥል ጎንበስ ብላ ያዘችለት። ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይሠራል፤ በልጅነቷ የጫማዋን ማሰሪያ ሲያስርላት እንደዚያ ያደርግ ነበር።

«ጋሼ።»

«ወይ?»

«ምንም።»

«እጅሽ ደከመ? ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞሽ።»

በማግስቱ ጠዋት የጠራት ጮክ ብሎ አልነበረም። ስትገባ ጨርቁ ተገልጦ፣ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን እያሸተተ አገኘችው። ጀሶው እርጥብ ነው። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ተከፍቷል።

«ትናንት ጠዋት ደህና ነበሩ» አለ። «ይኸው ጽፈሽዋል። ሲሊኮኑ ነው። ሽታው እስኪለቅ ውጭ ማሳደር እንዳለብኝ እያወቅሁ… ቸኮልኩ። እንደ ልጅ ቸኮልኩ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሽታው ይገድላል?»

ከዚህ የሚበልጥ በር አይከፈትላትም ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ማጉያ መነጽሩን አንስቶ በክምሩ ላይ ጎንበስ አለ። «አንካሳዋ የቷ ናት?»

ጣቷ ወጣ። ዳር ላይ ያለችውን አንዷን አሳየችው። ከሌሎቹ በምንም አትለይም። እሱ ግን ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠና የእህቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅር በይኝ። ሦስት ሳምንት ዓይንሽን ሳትነቅዪ ጠብቀሽ አቆየሽልኝ፤ እኔ በአንድ ከሰዓት ድካምሽን ከንቱ አደረግሁት።»

«ተው፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች።

አራት ሰዓት ላይ ፎርማኑ ደወለ። ወንድሟ ውጭ ወጥቶ፣ «በገዛ እጄ ጨረስኳቸው» ሲል በመስኮቱ ሰማችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጓሮ ክፍል አልገባም። ከሥራ ሲመለስ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፤ ታጥቦ ያሸታል። በጉንዳኖቹ ስትቀልድ የኖረችው ሚስቱ እንኳ፣ «ምነው ሌላ አታመጣም? ዝናቡ ሲመጣ ክንፋሞቹ ይወጡ የለ?» ብትለው፣ «እኔ እጅ አይገቡም» አላት። ደብተሩን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ የቤቱ ሰነዶች ካሉበት መሳቢያ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ዲግሪዋን ካሳየ በኋላ ያንንም ያወጣል። «ማየት ማለት ይሄ ነው» ይላል። እሷ እንግዳ ሲመጣ ከቤት መውጣት ጀመረች።

በሁለተኛው ወር ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። መናኸሪያ ድረስ ሸኛት፤ ሻንጣዋን ራሱ ጫነላት። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን አወዛወዘ። አሁን ልንገረው ብላ ነበር፤ የመስኮቱ መስታወት አልከፈት አላት፤ ወይም አልከፈት አለኝ ብላ ለራሷ ነገረች።

መልእክቱን የጻፈችው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ቢሮ ነው። ረጅሙን ጽፋ አጠፋችው፤ ማስተዛዘኛ ይበዛበታል። ሁለተኛውን ስለ ትምህርቷና ስለ ብስጭቷ ስላወራ አጠፋችው። የላከችው ይህን ነው፤

«ጋሼ፣ ሲሊኮኑ አይደለም። አንተ ከመምጣትህ በፊት ሞተው ነበር። ውኃ ስላልሰጠኋቸው ነው የሞቱት። ጀሶውን ያረጠብኩት አንተ እንዳታውቅ ነው። አንካሳ የምትባል ጉንዳን አልነበረችም። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ የፈጠርኩት ነው። እጅህ ምንም አላደረገም።»

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። ያን ቀን ስልኳን ከእጇ ሳታወርድ ዋለች፤ በማግስቱም።

በሦስተኛው ቀን የደወለችው ሚስቱ ናት። የረሳሽው ሹራብ አልጋ ሥር ተገኘ፣ በሰው ልላክልሽ ወይ ልትል ነው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ከኋላዋ የመስታወት መቁረጫው ሲጮህ ይሰማል።

«ጋሼ አለ?»

«አለ፣ እየሠራ ነው።»

«ሰላም በይልኝ።»

«ሰላም ትልሃለች!» አለች ሚስቱ ፊቷን መልሳ።

መቁረጫው መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጥ ሄደበት፤ ከዚያ ሌላ መስመር ጀመረ። ሚስቱ ስለ ሹራቡ ቀጠለች። ለመልእክቱ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ መልስ አልመጣም።