አንቴና ያዥ

ሌሼክ ዶፍ ዝናብ ላይ ቆሞ የቴሌቪዥን አንቴና ይዟል። ሰው ቢያየው ያበደ ይመስለዋል፤ እሱም ራሱ ሳይመስለው አልቀረም። ሰማዩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደተቀደደ ነው። የባልቲክ ባሕር ከአሸዋው ክምር ማዶ ያጓራል፣ ጥዱ ሁሉ በንፋስ ይንገላታል። እሱ የዝናብ ልብሱን ቆብ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ከተጎታች ቤቱ ጎን፣ ያንን የተጣመመ ብረት በሁለት እጁ ወደ ላይ አንስቶ ቀጥ ብሏል።

"ትንሽ ወደ ግራ" አሉ ጋሽ ሮማን ከውስጥ።

"የማን ግራ?"

"የኛ ግራ።"

"እናንተ ወዴት ዞራችሁ እንደተቀመጣችሁ እኔ በምን አውቃለሁ?"

"እሺ በቃ ቁም። አሁን ጥሩ ነው። እንዳትተነፍስ ብቻ።"

ቴሌቪዥኗ ጥቁርና ነጭ ናት፤ ከአንድ ሙልሙል ዳቦ ብዙም አትበልጥም፤ ኃይሏን የምታገኘው ከመኪናው ባትሪ በሽቦ ነው። አንቴናው ጣሪያው ላይ ሲታሰር ምስሉ ይጠፋል። ጋሽ ሮማን ሲይዙት ይጠፋል። የሌሼክ ሚስት ማሪዮላ ስትይዘው ድምፅ ይመጣና ምስሉ ይጠፋል። ሌሼክ ሲይዘው ግን ጥርት ይላል። ጋሽ ሮማን የጎረቤት ድንኳን ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። "አንዳንድ ሰው ደሙ ውስጥ ብረት ይበዛበታል" ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ከሁሉም አብልጦ ማየት የሚፈልገው ሰው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ውጭ የቀረውም እሱ ሆነ። ይሄ ምን የሚሉት ዕድል ነው?

ማየት የፈለገው አባቱን ነው።

ሽማግሌው ቴዎፊል የሚኖሩት በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በደቡብ፣ ኦድራ ወንዝ ዳር ያለች ኦልሺንካ የምትባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ብቻቸውን። እነ ሌሼክም የሚኖሩት እዚያው ከተማ ነው፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ። ጠዋት ሬዲዮ ወንዙ ግድቡን ጥሶ ኦልሺንካ ውስጥ እንደገባ ተናገረ። ሌሼክ ለዕረፍት ወዳረፉበት ካምፕ ቢሮ ሮጦ የስልክ ሰልፍ ያዘ፤ ተራው ደርሶ ሲደውል መስመሩ ሞቷል። መኪናውን አስነሳ። ማሪዮላ ቁልፉን ነቀለችበት።

"የት ልትደርስ ነው? ድልድዩ ሁሉ ተዘግቷል እያሉ። አንተንም ደግሞ ከውሃ ውስጥ እንድንፈልግህ ነው?"

እውነቷን ነበር፤ ለዚህም ነው የተናደደባት። የቀረችው ያቺ ዳቦ የምታክል ቴሌቪዥን ብቻ ሆነች።

የሚያብሰለስለው ግን ጎርፉ ብቻ አልነበረም። ለዕረፍት ከመነሳታቸው በፊት በነበረው እሑድ፣ አባቱ የዶሮ ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም" አሉ። ትንሽ ቆየት ብለውም፣ "ብትወስዱኝ መኪናው ውስጥም እተኛለሁ" አሉ። ሌሼክ ሳቀ። ተጎታቿ አራት አልጋ ናት ያላት፦ ለሱ፣ ለማሪዮላ፣ ለልጃቸው ለኢዛና ለማሪዮላ እናት ለእትዬ ያድቪጋ። "አባባ፣ የት ላስተኛዎት? ቦታ የለም እኮ። ለከርሞ" አላቸው። "እሺ፣ እሺ" አሉ ሽማግሌው፣ "ደግሞም ቲማቲሙን ውሃ የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል።" በሕይወታቸው ከልጃቸው የጠየቁት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። አሁን ሌሼክ ያንን ሳቁን ከጆሮው ማውጣት አቃተው። ሰውዬው ሞተው እንደሆነስ? ለከርሞ እንዳላቸው ሊቀር ነው?

የቀኑ ዜና ጀመረ። ወሬው ካምፑን አዳርሶ ስለነበር ደቡብ ዘመድ ያለውም የሌለውም መጥቶ ገብቷል። ያቺ ቁና የምታክል ቤት ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለችው እግዜር ይወቀው። አንዲት ሴትዮ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ሰው የኢዛ አልጋ ላይ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጥተዋል። ዝናቡ የፕላስቲኩን ጣሪያ እንደ ከበሮ ስለሚደልቀው የዜና አንባቢዋ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የምትለው አይሰማም። ሌሼክ የሚሰማው በቀጭኑ ግድግዳ በኩል የሰዎቹን ጩኸት ብቻ ነው።

"ምን ይታያል?" አለ።

"ጣሪያ" አለች ማሪዮላ። "ውሃና ጣሪያ።"

"የኛ ነው?"

"ጣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ሌሼክ፣ እንዴት ብዬ ልወቅ?"

"ትምህርት ቤቴ ነው" አለች ኢዛ።

"ኧረ የቢራ ፋብሪካ ነው" አሉ ጋሽ ሮማን።

"ይሄማ ቼክ አገር ነው፤ እኔ ሄጄበታለሁ" አለ ሌላ የማያውቀው ድምፅ።

"ያ የሚንሳፈፈው ሬሳ ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ያድቪጋ።

ሌሼክ አንቴናውን ጥሎ በሩን በርግዶ ገባ። ስክሪኑ ላይ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይርመሰመሳል። የቤቱ ሰው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠበት።

"ፍራሽ ነው፣ ፍራሽ!" አለች ማሪዮላ። "እማዬ፣ እባክሽ መነጽርሽን አድርጊ።"

"ምን ልትሠራ ገባህ?" አሉ ጋሽ ሮማን። "ጀልባ እየመጣ ነበር እኮ። ውጣ በናትህ፣ ውጣ።"

ከገዛ ቤቱ አባረሩት። ወጣ። ብረቱን አንስቶ ያዘ።

"መጣ፣ መጣ። ወታደሮች ናቸው፤ መሐላቸው አንድ ሽማግሌ አለ።"

"አባባ ናቸው?"

ሌሼክ ግድግዳውን በክርኑ መታ።

"ማሪዮላ፣ አባባ ናቸው ወይ?"

"ቆይ… ይመስላሉ። አይ። አይመስሉም።"

"አንዱን በይ እንጂ!"

"ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሷል" አሉ ጋሽ ሮማን። "ከረባት አስሯል። ከንቲባው ነው።"

"ከንቲባ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል?"

"ካሜራ ባለበት መቼ ከንቲባ ጠፍቶ ያውቃል?"

ውስጥ ሳቅ ሆነ። ሌሼክም ሳያስበው ፈገግ አለና ወዲያው በራሱ ተናደደ። ዜናው ወደ ኳስ ጨዋታ አለፈ።

ገብቶ፣ ውሃው ከልብሱ ወለሉ ላይ እየተንጠፈጠፈ፣ እያንዳንዱን ሰው ጠየቀ። ማሪዮላ ሰውየው ቀጭን ነው አለች። ጋሽ ሮማን ወፍራም፣ ቀበቶው የማይገጥም አሉ። የዕቃ ማጠቢያዋ ሴትዮ ጢም ነበረው ብላ ማለች። ኢዛ ደግሞ "ጆሮው የአያቴ ጆሮ ነው" ብላ ድርቅ አለች። ከአንዲት ስክሪን አራት ሽማግሌ ወጣ። ሌሼክ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ የአባቱ መልክ ራሱ ይጠፋበት ጀመር። ጢም ነበራቸው እንዴ? የላቸውም። የላቸውም እንዴ?

ሰዉ እስከ ማታው ዜና ድረስ ወደየድንኳኑ ተበተነ። እትዬ ያድቪጋ ድንች ይልጣሉ።

"እርስዎስ ምን አዩ?" አላቸው ሌሼክ፣ ተስፋ ሳያደርግ።

"እኔ ፍራሽን ሬሳ የምል ሴት፣ ምን ይታየኛል" አሉ አማቱ። ድንቹን ገልበጥ አደረጉት። "ኮቱ ግን…"

"ኮቱ ምን?"

"ያንን ኮት የማውቀው መሰለኝ። ያ ኮሌታው እንደ አህያ ጆሮ የተንጠለጠለው። በሰርጋችሁ ቀን ከአባትህ ጎን አስቀምጠውኝ፣ 'ቴዎፊል፣ ይሄን መጋረጃ ከየትኛው መስኮት ላይ አወረዱት?' ብያቸዋለሁ። አኩርፈው አብረውኝ አልጨፈሩም።"

"ያንን ኮት ለፋሲካና ለገና ካልሆነ አይነኩትም እኮ። በጎርፍ ማን ሙሉ ልብስ ይለብሳል?"

"ጎርፍ ሲመጣ ሰው ምን ያድናል?" አለች ማሪዮላ ቀስ ብላ። "ያለውን ጥሩ ልብስ። በእጅ ከመያዝ ይልቅ መልበስ ይቀላል።"

ሌሼክ ደስ ሊለው ፈለገ፤ አልደፈረም። ጋሽ ሮማን የረሱትን ባርኔጣ ሊወስዱ ብቅ ብለው ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ በከንቱ ልብህን አታንሳው። ከንቲባው ነው። እኔ ከንቲባ ሳይ አውቃለሁ።" እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? የሌሼክ አባት አንድ ጊዜ ይድናሉ፣ አንድ ጊዜ ከንቲባ ይሆናሉ። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ ሲዋልል ዋለ፤ ያቀረቡለትን ድንችም ከነትኩሱ ትቶት ተነሳ።

ለማታው ዜና ማሪዮላ አንድ ዘዴ ፈጠረች፦ ቴሌቪዥኗን ወደ መስኮቱ አዞረቻትና እሱ ከውጭ እንዲያይ፣ ሌላው ሰው ከጎንና ከጎን ተጠጋግቶ አንገቱን አጣሞ እንዲያይ አደረገች። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። "ትን ያለው ሰው እንኳ እንዳያስል" አለች። ሰው ሁሉ ታዘዘ።

ሌሼክ አንቴናውን ይዞ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። የሚወርደው ውሃ መስተዋቱን ያዥጎረጉረዋል፤ የሰዉ ትንፋሽ ከውስጥ ያደበዝዘዋል። ንፋሱ ጆሮው ውስጥ ስለሚያፏጭ ድምፅ የሚባል አልደረሰውም። መጀመሪያ ውሃ አየ። ቀጥሎ ጣሪያ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየና የኛ ነው አለ፤ ከዚያ አይደለም አለ። ጀልባው መጣ። ወታደሮች አንድ ሽማግሌ ደግፈው ወደ ደረቅ መሬት አወረዱ፤ ኮት፣ ከረባት፣ እርጥብ ሱሪ። ጋዜጠኛው ማይክሮፎን ደቀነላቸው። ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት መዳፋቸውን በምራቅ አርጥበው ፀጉራቸውን ወደ ጎን አስተኙ።

ይሄንን የሚያደርግ ሰው በምድር ላይ አንድ ነው። ፎቶ ሊነሱ ሲሉ፣ ቄስ ሲመጣባቸው፣ ሐኪም ዘንድ ሲገቡ። አባቱ ናቸው። በሕይወት አሉ። ሌሼክ ከደስታው ብዛት "አባባ" አለ ጮክ ብሎ፣ የሚሰሙት ይመስል።

አባቱ ይናገራሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ በእጃቸው ሩቅ ወደ ሆነ ነገር ያመለክታሉ፤ ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ምን እያሉ ነው? እንዲያ እያለ ሳለ ከውስጥ ያለው ሰው አንድ በአንድ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደሱ ዞረ። ያቺ የዕቃ ማጠቢያዋ ሴትዮ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ጋሽ ሮማን በመስኮቱ በኩል ራሳቸውን እያወዛወዙ፣ እንደ አድናቆት ያለ ነገር አሳዩት። ሌሼክ ግራ ገባው። ምን አደረግሁ? አባቴ ዳኑ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ? ወደሱ ያልዞረችው ማሪዮላ ብቻ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች።

ከዚያ ተነስታ፣ ምንም ሳትደርብ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣችና አጠገቡ ቆመች።

"ናቸው አይደል?" አላት። "አየሽ፣ ናቸው። ምን አሉ? ታመዋል እንዴ?"

"ደህና ናቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሊያሳድሯቸው ነው።"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ? ሰዉ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያየኝ?"

ማሪዮላ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል። "ጋዜጠኛው 'ቤተሰብ የለዎትም ወይ፣ ለምን ብቻዎን ቀሩ?' አላቸው።"

"እና?"

"'ልጅ አለኝ፣ ባሕር ዳር ነው' አሉ። 'አብረን እንሂድ ብሎ ስንት ቀን ለመነኝ። መስኮቱ ጥግ ያለችውን አልጋ፣ ይቺ የእርስዎ ናት ብሎ አንጥፎልኝ ነበር። እኔ ነኝ አሻፈረኝ ያልኩት፤ ሽማግሌ ግትር ነው። በሱ እንዳትፈርዱበት' አሉ።"

ሌሼክ መጀመሪያ አልገባውም። ዓይኑን አርገበገበ።

"የትኛዋን አልጋ?" አለ።

ማሪዮላ የተለጠፈውን ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገፋች።

"እኔ እኮ አልለመንኳቸውም።"

"አውቃለሁ።"

"ሳቅሁባቸው እኮ፣ ማሪዮላ።"

"አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ዝም ብያለሁ።"

ጋሽ ሮማን በአንድ እጃቸው ትንሽ ብርጭቆ ቮድካ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘው ወጡ። "በከንቲባው ነገር ተሸንፌያለሁ" አሉ፣ ብርጭቆውን ወደ ሌሼክ አፍ እያስጠጉ። "አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሦስት ወንድ ልጅ አለኝ። አንዱም አብረን እንሂድ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ አባቱን የሚለምን ልጅ ከየት ይገኛል? ተባረክ።"

ሌሼክ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ቮድካው ገባበት፤ ትን አለው፤ ቃሉ አልወጣም። ጋሽ ሮማን ትከሻውን ደጋግመው መቱት። ደግሞ ቢናገርስ ምን ሊል ነው? አባቴ በአገር ሁሉ ፊት ዋሹ ሊል ነው?

"ኧረ ምስሉ ጠፋ" አለ አንድ ሰው ከውስጥ። "የአየር ሁኔታው ሊነገር ነው።"

ሌሼክ አንቴናውን መልሶ ወደ ላይ አነሳው። ማልቀሱን ማንም እንዳያይበት ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ ዜናው እስኪያልቅ እንደዚያው ቆመ።