የቱቦው አፍ

ድሮኗ ከቦረቦሩ አፋፍ ተነሥታ ወደ መንገዱ ስታቀና፣ ከታች ይግጡ የነበሩት በጎች ደንብረው ተበተኑ። መሐንዲሱ በዕውቀቱ ዓይኑን ከታብሌቱ አልነቀለም። ከራቤል ከተማ በላይ ያለውን ይህን መንገድ ጎርፍ እየበላው በየዓመቱ ይጠገናል። ዘንድሮ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሌላ መላ አምጥቷል፤ ድሮኗ የምታነሣው ሥዕል ይገጣጠምና ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ የት ላይ ቢጠለፍ መንገዱን ሳይጎዳ ኩሬ እንደሚሞላ ያሳያል።

ከመንገዱ በታች ያለው ማሳ ባለቤት የሆኑት እማማ አመተሥላሴ የሱፍ ባናቸውን ደርበው ከኋላው ቆመዋል።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ ሆና ምን ታያለች?»

«የውሃውን መንገድ፣ እማማ።»

ጥቂት ቆይቶ በስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመሮች ወጡ። ዳገቱ እንደ ተፈጥሮው ቢተው ውሃው በድንጋያማው የሣር መሬት ላይ ተበትኖ ይወርድ ነበር። አሁን ግን መስመሮቹ ሁሉ በመንገዱ ሥር ወዳለው አንድ ቱቦ ይሰበሰቡና ከዚያ ማሳው መሀል ይወረወራሉ።

በዕውቀቱ ቱቦውን ያውቀዋል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እሱ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ እንደጀመረ፣ ቱቦው ሠላሳ እርምጃ ከፍ ብሎ እንዲቀበር ነበር የታቀደው። እዚያ ያለው አለት አልቆፈር ሲል፣ ሥራውም ሲያስቸኩል፣ «ዝቅ አድርጉት» ብሎ ፈረመ። ዛሬ ቦረቦር የሆነው ያኔ ሜዳ የመሰለ የገብስ ማሳ ነበር።

እማማ አመተሥላሴ ከደረታቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«አቤት ብዬ የመጣልኝ መልስ ነው። ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም ይላል አሉኝ። አንተ ከላይ አይተኸዋልና እስቲ አንብበህ እውነቱን ንገረኝ።»

ገና ሲዘረጋው ደብዳቤውን ለየው። «የተጠቀሰው ቦረቦር በተፈጥሮ ፍሳሽ የመጣ በመሆኑ መንገዱን አይመለከትም» ይላል። ከግርጌው የራሱ ስምና ፊርማ አለ። ደብረ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ በአንድ ቀን ከጻፋቸው አሥር ደብዳቤዎች አንዱ ነበር። ስሙን ዘሎ ቢያነብ የሚያውቅበት አልነበረም።

«እውነት አይደለም» አለ። «የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከእጁ ወስደው በቀስታ አጠፉት።

«መጥተው አይተውት ነበር?»

እስካሁን «ልጄ» ሲሉት ቆይተው አንቱ ማለታቸው ከስድብ በላይ ተሰማው።

«አልመጣሁም።»

«ሦስት ጥማድ ገብስ ነበር። የቀረኝ ያ ነው» ብለው ከቦረቦሩ ማዶ ያለች ቁራጭ መሬት አመለከቱ።

በዕውቀቱ ድሮኗን አወረደና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ታብሌቱ ላይ ያለውን ቅጽ ከፈተ። የጉዳቱ ምክንያት ከሚለው ሥር ቱቦው ያለቦታው መቀበሩን፣ ያስቀበረውም ራሱ መሆኑን ጻፈ። ጣቱ ጥቂት ካመነታ በኋላ ላከው። ነገ ቢሮ ሲገባ የሚጠብቀውን ያውቃል።

«ኩሬው ከመስከረም በኋላ ይቆፈራል» አላቸው።

«ክረምቱስ? መጣኮ!»

ካርታውን ደግሞ አየው። «ከቱቦው አፍ ወደ ግራ ቦይ ብንቀድ፣ ውሃው ሣሩ ላይ ይበተናል። ካርታው እንደዚያ ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

በዕውቀቱ ወደ ቱቦው ወጣ። ጎንበስ ብሎ የመሬቱን ዘንበል በዓይኑ ለካ፤ አፈሩን በጫማው ጫር ጫር አደረገና እስከ ሣሩ ድረስ ተራመደው።

«እኔም እንደዚያው» አለ ሲመለስ።

እሳቸው ቤት ገብተው ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። ዶማውን ለእሱ ሰጡት።

መሬቱ ጠንካራ ነበር። እሱ ይቆፍራል፣ እሳቸው አፈሩን ከማሳው በኩል እየከመሩ ይደለድላሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ፈርጦ ነበር። በጊሼ ተራሮች ላይ ደመናው ጠቆረ፤ ከላይ ነጎደጎደ። ቦዩ ሣሩ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች ወረዱ።

«ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ?» አሉ እማማ አመተሥላሴ ባናውን ራሳቸው ላይ እየሳቡ።

«አልቆይም» አለና ዶማውን አነሣ።

የቀረችውን ሁለት ክንድ ቆፍረው ቀና ሲሉ ከቱቦው ሆድ ውስጥ የጎርፉ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ እያገሳ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው፣ ውሃው ወደ ቦዩ ይታጠፍ እንደሆነ የቱቦውን አፍ ያዩ ጀመር።