በዋናው በር የመጣው ደብዳቤ

ፖርትሌኒ ውስጥ ሰው በአባቱ ስም ብቻ ከተፈለገ አይገኝም። ከቄሱና ከሐኪሙ በቀር መንደሩ በሙሉ ሜር ነው። ከወንዶቹ ግማሹ ጄምስ፣ የቀረው ጆን ይባላል። ስለዚህ የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እንደሚያደርገው ለየቤተሰቡ ቅጽል ወጥቶለታል፤ ቅጽሉም ከጀልባውና ከቤቱ ጋር ይወረሳል። ኤልስፔት ሜር ዝይ ናት። አባቷም፣ አያቷም ዝይ ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ዋቲ ሜር ደግሞ ስኳር ነው፤ አንደበቱ ኮምጣጤ ቢሆንም።

ቅጽል ግን ድንጋይ ላይ አይጻፍም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የሙታኑን መታሰቢያ ያቆሙት ሽማግሌዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝይና ስኳር ብለን አንቀርጽም አሉ። ድንጋዩ ላይ «ጄምስ ሜር» የሚል ስም አንዴ ብቻ ሰፈረ፤ እሱም የስኳሮቹ ጄምስ ነው። የዝይዎቹ ጄምስ፣ የኤልስፔት አያት ታላቅ ወንድም፣ በዚያው ቀን ተመዝግቦ በዚያው ሻለቃ ዘምቶ ነበር። የሱ መርዶ ግን አልመጣም። ቆይቶ አንድ መርከበኛ ካናዳ ወደብ ላይ አየሁት ብሎ አወራ። በቃ፣ ዝይዎቹ ከድቶ የጠፋ ወታደር ዘመድ ሆነው ቀሩ። የኤልስፔት አያት ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆቹ እጃቸውን እንደ ክንፍ እያራገቡ «በረረ! በረረ!» ይሉት ነበር። ሽማግሌ ሆኖም ሲያወራው አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኤልስፔት ይህን አትረሳም።

የጠፋው የጄምስ እናት ጄሲ ግን ማንንም አልሰማችም። ፖርትሌኒ ውስጥ ሰው የሚገባው በጓሮ በር ነው። ዋናው በር ለሬሳ ሳጥንና ለመርዶ ነው። ጄሲም በሩ ፊት ለፊት ወንበሯን አስቀምጣ፣ እሱ እስካልተንኳኳ ድረስ ልጄ አለ እያለች ሃያ አንድ ዓመት ጠበቀች። በፈረንጆቹ 1938 ራሷ በዚያ በር ወጣች። ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም፤ ቀለም በላይ በላዩ እየተቀባ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል።

ዛሬ በዚያ ቤት የምትኖረው ኤልስፔት ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመንደሩ ፖስታ ቤት ሠርታለች፤ ጡረታ በወጣች ማግስት ጄምስን ፍለጋ ጀመረች። አገኘዋለሁ ወይስ አላገኘውም የሚል ጥያቄ አላነሳችም። ሠራዊት ሰው ቢጠፋበት ቁጥር አይጠፋበትም ትላለች። የወታደሩ የግል ማኅደር በሁለተኛው ጦርነት ቦምብ ተቃጥሏል ብለው ሲመልሱላት፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። እሷ ወደ ኤዲንብራ ቤተ መዛግብት ጻፈች። እያንዳንዱ ወታደር ደብተሩ ውስጥ አጭር ኑዛዜ ይጽፍ እንደነበር ታውቃለች፤ ሲሞት ገጹ ተቀዶ ይቀመጣል።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቅጂው መጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነበር፦ «ከሞትኩ ያለኝ ሁሉ ለእናቴ ለወይዘሮ ጄ. ሜር። ከስኳር ጄምስ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ እኔ ዝይ ነኝ።» ከላይ ቁጥሩ፣ 3117፤ ከታች የጦር ጽሕፈት ቤቱ ማኅተምና የሞተበት ቀን፣ ጁላይ 31 ቀን 1917። ኤልስፔት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ምስኪኑ ልጅ የመንደሩን ጣጣ አስቀድሞ አውቆት ነበር። ዝይ ምን እንደሆነ የማያውቅ ጸሐፊ ግን ምን ያድርግበት።

ጊዜው ጠባብ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ሐሙስ መጥቶ የመታሰቢያውን ፊደላት ሊያድስ ነው፤ ይህ ካመለጠ ሌላ ሃያ ዓመት ነው። የመታሰቢያው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዋቲ። ሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዛ በዋቲ ጓሮ በር ገባች። ዋቲ መነጽሩን አድርጎ አነበበና ገፋ አደረገው። ይህ የኛው ጄምስ ሊሆን ይችላል፣ ዝይ የሚለውንም ለቀልድ ጽፎት ይሆናል አለ። ሠራዊቱ ስለኛው ልጅ ሁለት ጊዜ ጽፏል፣ ሁለቱም መርዶ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ስለናንተው ግን አንድም ቃል አልጻፈም ብሎ ደመደመ።

ኤልስፔት ቀና አለች።

«ሁለት?»

«ሁለት። አንዱ በኤፕሪል፣ አንዱ በኦገስት። ሁለተኛው ሲመጣ ቅድመ አያቴ ‹ሁለት ጊዜ ገደሉብኝ› ብላ ሳታነበው አጠፈችው ይባላል።»

«አንተም አላነበብከው?»

«የሰው ለቅሶ ይነበባል እንዴ?»

«ዋቲ፣ ዕድሜዬን ደብዳቤ ስለይ ነው የኖርኩት። ሠራዊት ለአንድ ሬሳ ሁለት ጊዜ አይጽፍም። ሣጥኑን ክፈትና ቁጥሩን እይ።»

ዋቲ ፊቱ ቀላ። «ስማችንን ከድንጋዩ ልትነቅይ ነው የመጣሽው።»

«ያንተን ስም ምን ላድርገው? እኔ የራሴን ነው የምፈልገው።»

ወጣች። መንገዱን ስታቋርጥ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። ፖስታው ላይ «ወይዘሮ ጄ. ሜር፣ ፖርትሌኒ» ከማለት በቀር ምንም አይኖርም፤ የስኳሮቹ እናት ጄን፣ የዝይዎቹ ጄሲ። በዚያ ዘመን የነበረችው የፖስታ ሠራተኛ በዚያው ስም ሌላ የመርዶ ፖስታ ስታይ ሠራዊቱ የደገመ መሰላት። ለቅሶ ከገባበት ቤት ወስዳ ሰጠች እንጂ ሰላም ያለበትን ቤት ልታንኳኳ አልደፈረችም። ኤልስፔት ልትቆጣት ፈለገች፤ አልቻለችም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር አለች።

ማክሰኞ ዋቲ ድምፁን አጠፋ። ኤልስፔት ግን አልሰጋችም፤ ለሐሙስ የምትለብሰውን ኮት ተኩሳ ሰቀለች። ዋቲ ነገረኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።

ረቡዕ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ወደ ጓሮ ሄዳ ከፈተች፤ ማንም የለም። እንደገና ተንኳኳ። ዋናው በር ነው። ቢላ አምጥታ የደረቀውን ቀለም ዙሪያውን ሰነጠቀች፣ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበች፣ በሩ እያጓራ ተከፈተ። ዋቲ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ብብቱ ውስጥ ይዞ፣ ባዶ ራሱን ቆሟል።

«ምነው በጓሮ አልገባህም?»

«ይሄ በጓሮ አይገባም» አለ። ቢጫ ፖስታ በሁለት እጁ አቀረበ። «ለወይዘሮ ጄሲ ሜር፣ ለዝይዋ። ቁጥር 3117። የኛው 3116 ነው። ደብዳቤያችሁን ይዘን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየን፣ ኤልስፔት። በመንገድ ‹በረረ› ሲሉ እኔም ብያለሁ። አፍሬያለሁ።»

ነገ ጠራቢው ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን እንደሚቀርጽ ነገራት፤ ከነዝይነታቸው፣ ከነስኳርነታቸው። ሽማግሌዎቹ ከመቃብራቸው ቢቆጡም ይቆጡ አለ።

ኤልስፔት ደብዳቤውን ተቀበለች። ክንዱን ጨብጣ ለቀቀችው። ከዚያ ዞር ብላ በሩ ፊት ለፊት ወዳለው አሮጌ ወንበር ሄደች፣ ፖስታውን መቀመጫው ላይ አኖረችው።

«እማማ ጄሲ» አለች፣ «ተንኳኳ።»