ከጎሚኒው ሥር

አባቴ የወተት ፋብሪካው ታንከር አጣቢ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ላብራቶሪ እሠራለሁ። እሱ ያጥባል፣ እኔ እመረምራለሁ። እንግዲህ እራት ላይ ምን እንደምንባባል አስቡት።

ዛሬ ጠዋት ያጠበው ታንከር ምርመራውን አላለፈም። ስነግረው ደሙ ፈላ።

«ፊትሽን እኮ ያሳይሻል! ምኑ ነው የቆሸሸው?»

እኔም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። እጁን ይዤ ወሰድኩትና የክዳኑን ጎሚኒ፣ ያን ክብ ላስቲክ፣ ነቅዬ ከሥሩ አስነካሁት። ተልባ የነካ ያህል አሟለጨው።

«ባክቴሪያ ነው አባባ። ተያይዘው፣ ዝልግልግ ልብሳቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። ውኃውም ሳሙናውም ከላይ ከላይ ያልፋቸዋል። ከዚያ ወተቱ ውስጥ ይገቡና የሰው ልጅ ይታመምብናል። ካልፈታኸውና ካልፈተግከው አይለቁም።»

እጁን በቱታው ጠርጎ ሄደ። ኩሩ ሰው ነው፤ እናቴ እንኳ ያለ ሰው ሠራሽ ጥርሱ አይታው አታውቅም።

ከሥራ ስመለስ የፔርሙዙ ክዳን፣ የጁስ መፍጫው ላስቲክ፣ የፍሪጁ በር ጎማ ሳይቀር ተፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

«አሳበድሽልኝ፣ ደስ ይበልሽ!» አለች እናቴ።

አባባ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። በአንድ እጁ አፉን ሸፍኗል። በሌላው ብርጭቆ ዘረጋልኝ፤ ጥርሱ ውስጡ ነው።

«ፈትጌዋለሁ» አለኝ እየተኮላተፈ። «ግን አንቺ ሳትመረምሪው አፌ አይገባም።»