ከበሩ የተነቀለው ወረቀት

የፖሊስ መቶ አለቃ ነበርሁ፤ ሥራዬም የእጅ ጽሕፈት መመርመር። አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጬ በአጉሊ መነጽር የሐሰት ኑዛዜና የሐሰት ፊርማ ስለቅም ስለኖርሁ፣ ራሴን እንደ ትንሽ ነቢይ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ሰው ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም እያልሁ ጀማሪ ፖሊሶችን አሰለች ነበር። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ አምቦ ሂድ ሲሉኝ ደስ አለኝ። የጉደር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬን ጨርሼ እናቴን ጠይቄ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ጉዳዩ አንዲት ወረቀት ናት። «የወሰዳችኋቸውን ተማሪዎች መልሱ» የሚል ተጽፎባት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፋ ተገኘች። የተጻፈችው ጫፉን በምራቅ ሲያርሱት ሐምራዊ በሚሆነው በኮፒያ እርሳስ ነው። እንዲህ ያለ እርሳስ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ከዳዲ ቤት ተገኘና ሰውዬው ታሰረ። እኔ ነኝ የጻፍሁት ብሎም አመነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉታ ግን ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ከላይ ያሉት ማስረጃ ስለሚወዱ የእኔን ፊርማ ፈለገ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አረጋግጥልንና ፋይሉን እንዝጋ አለኝ። በዚያ ዓመት ፋይል ሲዘጋ ባለፋይሉም አብሮ እንደሚዘጋ ሕፃን ልጅ ያውቅ ነበር።

ጉታ ምሳ ሲወጣ ዳዲን አስመጣሁት። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ታጣቂው በር ላይ ቆመ። እጁን አስፈታሁትና የወረቀቷን ቃል ሳላሳየው እያነበብሁ እንዲጽፍ ጠየቅሁት።

ጻፈ። መጻፍ ከተባለ። ፊደሎቹን ሣላቸው ብል ይሻላል። የበሩ ወረቀት ጸሐፊ የ«መ»ን ሁለት ክቦች እጁን ሳያነሳ እንደ ስምንት ቁጥር ይጠመዝዛቸዋል። ዳዲም ይጠመዝዛል፤ ግን መሐል ላይ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል። የቆመበት ሁሉ በመነጽሬ ሥር ጠቆር ብሎ ይታየኛል። ከጤና ጣቢያው ባስመጣሁት የሕመምተኞች ካርድ ላይ ደግሞ ሁለቱን ክቦች ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሰው ጽሕፈቱን የሚለውጠው ለማምለጥ ነው። ጥፋተኛ ለመምሰል እንዲህ የሚለፋ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

ከቤቱ ከተያዙት ወረቀቶች መካከል የተማሪ ደብተር ነበረ። ጀርባው ላይ ዳዲ የመዝሙር ቁጥሮች ስለጻፈበት ነው ያመጡት፤ ውስጡን የገለጠው የለም። ገለጥሁት። የአማርኛ ድርሰት ነው፤ ዱሬቲ ዳዲ፣ አሥረኛ ክፍል። ገጹ ሁሉ በዚያ ባለ ስምንት ቁጥር «መ» ተሞልቷል።

ቀና ስል ዳዲ እያየኝ ነው።

«ኢንታላ ኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ልጄ ናት ማለቱ ነው። «ማሎ፣ እባክዎ፣ ኦቦ ረጋሳ። ጌታን ካመንሁ ወዲህ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። አሁን አንዴ ዋሸሁ። እሱንም በከንቱ አያድርጉብኝ።»

ተናደድሁ። በልጅቷ ድፍረት፣ በአባቷ እንባ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ሙያዬ ሁሉ ተናደድሁ። እሱ ነው ብል አባትየው ይገደላል። አይደለም ብል በማግሥቱ የከተማው ደብተር ሁሉ ይሰበሰባል፤ የልጅቷ ደግሞ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደብተሩን ከወረቀቶቹ ሥር መልሼ ከተትሁት።

ጉታ ተመለሰ። እንግዳ አክባሪ ነውና አምቦ ውሃ አስከፍቶልኝ ነበር፤ ጠርሙሱን አጠገቤ አኖረና እሱ ነው ወይ አለኝ።

አይደለም አልሁት። የእምነት ቃሉ ሐሰት ነው፤ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ አልሁት። ይህን እያልሁ ሊቀዳ እንደሚል ሰው ጠርሙሱን አነሳሁና እንዳለ ወረቀቷ ላይ ደፋሁት። ሐምራዊው አረፋ እየተንጫጫ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። ጉታ ዘሎ ሲያነሳት አንድም ፊደል አልቀረባትም።

ጉታ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ የጻፈውን ሰው ያውቁታል።»

«ወረቀቱ የለም። ከእንግዲህ የሚያውቀው የለም።»

«እርስዎ አሉ።»

ለላይ አካል አስሮ ለማቅረብ ከአንድ ድሬሰር ይልቅ አንድ መቶ አለቃ እንደሚያምርለት ሲገባው በፊቱ ላይ አየሁ። ዳዲን ልቀቁት አለ። ዳዲ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነው ብዬ በዓይኔ ሂድ አልሁት። ሄደ።

ጉታ ባዶ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ስም ብቻ ይጻፉልኝ አለ። አልጻፍሁምና እኔኑ አሰሩኝ። እናቴን ሳላይ ሰባት ወር አለፈ፤ መጀመሪያ አምቦ፣ ኋላም አዲስ አበባ፣ ያንኑ ባዶ ወረቀት እያመጡ ስም ጻፍ ይሉኝ ነበር። ጀግና ነበርሁ አልልም። አንድ ቀን፣ ውስጥ እግሬን ገርፈው ካነሱኝ በኋላ፣ «ዱ» ብዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ። መርማሪው ሲጋራውን ሊለኩስ ጎንበስ ሲል ወረቀቷን አፌ ውስጥ ከትቼ ዋጥኋት።