የካርዱ ጀርባ

ሌንስ ሞራጁ ራሱ ሲሰደብ መስማት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሰዳቢዎቹ ደግሞ ማንን እንደሚሰድቡ አያውቁም። ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ተራ የሚጠብቁ፣ መነጽር ሊያሠሩ የመጡ ጨዋ ጨዋ ሰዎች ናቸው። እሱ ከግድግዳው ወዲህ፣ በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ሌንስ አስጠግቶ፣ ውሃው እጁ ላይ እየተረጨ፣ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። «ፈሪ!» ይላሉ። «ይሄ ደግሞ ወንድ ነው?» ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪዋማ፣ «እንዲህ ዓይነቱን በወንፊት ነፍቶ መጣል ነው» አለች። እሱ ምን ይበል? ድንጋዩን የባሰ ያስጮኸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መነጽር ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ፊተኛው የዓይን መርማሪዋ ነው፤ መመርመሪያ ወንበር፣ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ፍሬሞች፣ ለተራ ጠባቂዎች አንድ ረጅም አግዳሚ። የኋለኛው የሞራጁ ነው። ከቅርብ ማንበብ ያቃተው ሰው የሚለካው በንባብ ካርድ ነው፤ ካርዱን ያዝ ያደርግና የቱ ድረስ እንደሚታየው ጮክ ብሎ ያነባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ካርዱ ላይ የነበረው ከጋዜጣ የተቆረጠ የአየር ትንበያ ነበር። «ነገ ከሰዓት በኋላ ቀላል ዝናብ ይጠበቃል» ይላል፤ ስድስት ዓመት ያንኑ ዝናብ ስንጠብቅ ኖርን። በመጨረሻ ካርዱ ተበጣጠሰ። ዓይን መርማሪዋ ከአንድ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ልብ ወለድ ቀደደች፤ የፊደሉ መጠን ልክክ አለላት። ካርቶን ላይ በሙጫ ግጥም አድርጋ ለጠፈችው፤ በላስቲክ ሸፈነችው። ማንበብ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ታነባለች፣ ታነባለች፣ እታች ስትደርስ «ወደ ጀርባ ይገልብጡ» ይላል። ጀርባው ሙጫ ውስጥ ነዋ!

«ወይኔ ጉዴ!» ብላ ስትጮህ ሞራጁ ምን ሆነች ብሎ ሮጦ ወጣ። ካርዱን አየና ክው አለ። ድርሰቱን የጻፈው እሱ ነበር።

አዎ፣ እሱ ራሱ፣ በብዕር ስም። እናቱ እንኳ አታውቅም።

ድርሰቱ የዚህ ዘመን ፍቅር ነው። አንዲት ፋርማሲስት እና አንድ ሰውዬ ለወራት አብረው ይሄዳሉ፤ ሲኒማ ይገባሉ፤ ነገሩን ግን ሁለቱም በስሙ አልጠሩትም። አንድ ምሽት በስልኳ፣ «ከእናቴ ጋር ላስተዋውቅህ፣ ትመጣለህ?» ብላ ትልክለታለች። ስልኳ ላይ «እየጻፈ ነው» የሚል ይመጣል። ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል። ደግሞ ይጠፋል። በመጨረሻ ምንም። በነጋታው ሲያገኛት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ደህና አደርሽ?» ይላታል። የፊቱ ገጽ እዚህ ላይ ያበቃል።

ከየት አመጣው እንዳትሉኝ፤ ከራሱ ነው ያመጣው። ከሁለት ወር በፊት ዓይን መርማሪዋ፣ ይህችው ራሷ፣ «እህቴ ልታገባ ነው። ለሠርጉ አብረኸኝ ትመጣለህ?» ብላ ላከችለት። ሱቅ ሲዘጋ አብረው በእግር እየሄዱ ከርመዋል፤ እሷ ስትስቅ እሱ መንገድ ይስታል፤ ታዲያ ምን ቸገረው? ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ሰረዘ። ሳይልክ አደረ። በነጋታው «ደህና አደርሽ?» አላት፤ እሷም «ደህና» አለችው። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ያለው ወሬ የሌንስ ቁጥር ብቻ ሆነ። «ሁለት ነጥብ አምስት።» «እሺ።» «አንድ ነጥብ ሰባት አምስት።» «እሺ።»

በሁለት ቃል መመለስ ያቃተውን በሁለት ገጽ ጻፈው። ሰውዬው ያን ምሽት ምን ሲጽፍና ሲሰርዝ እንዳመሸ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ፣ ሁሉም በጀርባው ገጽ ላይ አለ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፤ ይግባኙ ሙጫ ውስጥ ገባ። ሠርጉ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

«ለምን የራሱን ቅጂ አምጥቶ አይሰጣትም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን አንዲት «እሺ» መላክ ያቃተው ሰው እኮ ነው የምናወራው! መጽሔቷን ሦስት ጊዜ በቦርሳው ይዟት መጣ፤ ሦስት ጊዜ ይዟት ተመለሰ።

እስከዚያው የመነጽር ቤቱ አግዳሚ ለሁለት ተከፍሏል። የኮሌጅ ተማሪዋ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ይሄ እኮ የኔ ታሪክ ነው፤ ማን ነግሯቸው ነው?» አለች። የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ «ሰውዬው ሚስት አለው። ሌላ ምንም ነገር የለውም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። «ሚስት ያለው ሰውማ ቶሎ ነው የሚመልሰው፤ ልምድ አለው» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ነገሩ እንደገና ተከፈተ። ጡረታ የወጡት መምህር በበኩላቸው ጭራሽ ድርሰት መሆኑንም አልተቀበሉትም። «ምን ሆነ እዚህ ላይ? ሴትዮዋ ስልክ አየች፣ ስልክ አስቀመጠች። እኛ ስንማር ድርሰት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ይሞት ነበር!» አሉ። «አይ ጋሼ፣ እሷ እኮ እየሞተች ነው» አለቻቸው ተማሪዋ። መነጽሩን የወሰደ ሰው ሳይቀር ለክርክሩ ይመለስ ጀመር። ዓይኑ ጤና የሆነ ሁሉ «እስቲ ለኔም ለኩኝ» እያለ ይመጣል።

ሁሉም መጨረሻ ላይ ዘወር ብለው ዓይን መርማሪዋን ይጠይቋታል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» እሷ ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው። «መጨረሻውን ሳላነብ አልፈርድም።» ሞራጁን እንቅልፍ የነሳው የሌሎቹ ስድብ አልነበረም፤ ይህቺ ናት። ስድቡንስ ለምዶት ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በፊት መምህሩ ተቆጥተው መጡ። ባለሁለት ክፍል መነጽር አሠርተው ነበር፤ ላይኛው ለሩቅ፣ ታችኛው ለንባብ። «ታችኛው መስመር ይደበዝዛል። የሠራው ሰው ይጠራልኝ» አሉ።

የዚህ ቤት ደንብ የታወቀ ነው። ባለሁለት ክፍሉ አልመች ሲል ሞራጁ ራሱ ይወጣል። ከደንበኛው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ደንበኛው ካርዱን ይዞ በዓይኑ ብቻ ይከተላል፤ ሞራጁ ጽሑፉን በቃሉ ይወጣዋል። ካርዱን አያይም። የሚያየው የደንበኛውን ዓይን ነው፤ ብሌኑ የታችኛው ሌንስ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ጠብቆ የመነጽሩ መስታወት ላይ በቀለም ነጥብ ያደርጋል። የዝናቡን ካርድ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲያነበንበው ኖሯል። አዲሱ ካርድ ከመጣ ወዲህ ግን፣ «ደህና ነው፣ ይልመዱት» እያለ ከጓዳ ሳይወጣ ይሸኛቸው ነበር። መምህሩ ይህን የሚሰሙ ሰው አይደሉም።

«በቃልህ ይዘኸዋል?» አለችው ዓይን መርማሪዋ፣ ካርዱን ለመምህሩ እየሰጠች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነበብ እየሰማሁ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? አግዳሚው ላይ ሾፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪዋና ተማሪዋ ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ቀጠሮ የላቸውም።

ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ተቻኮለ፤ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ሥራው ያዘው። የሽማግሌውን ዓይን ብቻ እያየ፣ ከመስመር መስመር ሲወርዱ አብሮ እየወረደ፣ በእጁ የቀለም እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀጠለ። «... ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። መልሳ አነሳችው። እየጻፈ ነው ይላል። በነጋታው ሲያገኛት፣ ደህና አደርሽ? አላት።» የመምህሩ ዓይን እታች ደርሶ ቆመ። ሞራጁ፣ «ለምን ቆመ? ሌንሱ ከፍ ብሎ ይሆናል» ብሎ በልቡ አሰበና ነጥብ አደረገ። አፉ ግን አልቆመም።

«ያን ምሽት ምን ሲጽፍ እንዳመሸ ግን ማንም አልጠየቀውም። መጀመሪያ 'እሺ' ብሎ ጻፈ። አጠረችበትና ሰረዛት። 'በደስታ' ብሎ ጻፈ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰለችበትና ሰረዛት። 'ምን ልልበስ?' ብሎ ጻፈ። 'እናትሽ ባይወዱኝስ?' ብሎ ጻፈ። 'አንቺ ስትስቂ የምይዘው ነገር ይጠፋኛል' ብሎ ጻፈ፤ ይቺን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ሰረዛት...»

መምህሩ ዓይናቸውን ከካርዱ ላይ አንስተው ከመነጽሩ በላይ ተመለከቱት።

«ልጄ» አሉ ለስለስ ብለው፣ «እኔ ካርዱን ከጨረስኩ ቆየሁ። አንተ ከየት ነው የምታነበው?»

ሞራጁ ካርዱን አየ። ካርቶኑን አየ። የኮሌጅ ተማሪዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «በስመ አብ! በወንፊት ያልኩት ይሄንን ልጅ ነው እንዴ?» አለች። ሾፌሩም ብድግ ብሎ፣ «ሚስት አለህ?» ብሎ አፈጠጠበት።

«የለኝም!» አለ ሞራጁ። ያን ቀን አፉ ሳይያዝ የመለሳት የመጀመሪያዋ መልስ እሷ ናት።

ዓይን መርማሪዋ ከመስታወቱ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ትቆጣ ትሳቅ አይታወቅም። «ቀጥል» አለችው። «ጀምረህ አታቋርጥ። ሦስት ሳምንት ስጠብቀው ነው የከረምኩት።»

ምን ያድርግ? ቀጠለ። አሁን የሚያይበት ዓይን ስላጣ የራሱን ጉልበት እያየ ቀጠለ። ሰውዬው በመጨረሻ ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሊልክ ሲል ነግቶበት ያገኘዋል፤ ሰዓቱን አይቶ ያፍርና እሱንም ይሰርዘዋል። ሮጦ ፋርማሲው ደጃፍ ላይ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ያን ሁሉ ይዞ ከአፉ የምትወጣው፣ «ደህና አደርሽ?» የምትለዋ ብቻ ናት። «አለቀ» አለ ሞራጁ።

«አለቀ?!» አሉ መምህሩ። «ይሄ መጨረሻ ነው? ታዲያ ይመጣል አይመጣም?»

«ጋሼ፣ የሚያሳዝነው እኮ እሱ ነው! በጣም ያምራል!» አለች ተማሪዋ።

«ምኑ ያምራል? ሴትዮዋ አልተመለሰላትም» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ሾፌሩ፣ ሁልጊዜ የሚያፌዘው ሰውዬ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ተዉት ባካችሁ፣ እኔ ገብቶኛል» አለ። አግዳሚው እንደገና ለሁለት ተከፈለ፤ በዚህኛው ዙር ሾፌሩ ወገን ቀይሯል።

«ዝም በሉ እስቲ!» አሉ መምህሩ፣ በድሮው የክፍል ድምፃቸው። ወደ ዓይን መርማሪዋም ዞሩ። «መጨረሻውን ሰማሽ። አሁን ፍረጂ።»

እሷ ከመስታወቱ ተነስታ ሞራጁ ፊት መጥታ ቆመች። «ድርሰቱ ጥሩ ነው» አለች። «ሰውዬው ግን ጅል ነው። ጅል፣ ጅል፣ የጅል ጅል። ይቺን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለኔ ሳይሆን ለመጽሔት ላካት። እኔ ምን ያህል እንዳፈርኩ ታውቃለህ?»

ሞራጁ ልቡ ተነካ። ስድቡ ሁሉ ተደምሮ ይህቺን አያህልም። ሲጨንቀው እንደሚያደርገው እጁን ወደ ኪሱ ላከና ስልኩን አወጣ።

«ኧረ ስልኩን ተወው!» ብሎ አግዳሚው በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዘላ ተነስታ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

ባዶ እጁን ተነስቶ ቆመ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «አንቺን ሳላስብ ያደርኩበት ቀን የለም። ቅዳሜ መምጣት እፈልጋለሁ። ካንቺ ጋር። አሁን ቦታው ተይዞ ከሆነ ደግሞ... ከሩቅም ቢሆን ቆሜ አያለሁ።»

ይኸው ወጣ! ሳይሰረዝ ወጣ! ተማሪዋ ማልቀስ ጀመረች፤ መምህሩም መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ፤ በቀለም የተደረገችው ነጥብ ጠፋች።

ዓይን መርማሪዋ ሳቋ ከእንባዋ ጋር እየተጋፋ፣ እጁን ያዘችው።

«ያን ምሽት 'እየጻፈ ነው' የሚለውን ሳይ» አለች፣ «ደስ ብሎኝ፣ መልስህን ሳልጠብቅ፣ ለእህቴ 'ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው' ብዬ ላክሁላት።»

«ከዚያስ? መልስ ሳልሰጥሽ ስቀር ምን አልሻት?»

«ምንም አላልኳትም» አለችው። «እስከ ዛሬ ሁለት ነን።»